ከሰባ እስከ መቶ አምስት

ኤልሳዕ ኪዳነወልድ ለመወሰን የሚንቀረፈፍ ሰው ነው። አቦከር ሰፈር ያለችውን ፎቶ ቤቱን ሲከፍት በሩ አረንጓዴ ይቀባ ሰማያዊ በሚለው ብቻ ሁለት ወር አሰበ፤ በመጨረሻም ሳይቀባው ቀረ። ሚስቱ ገላነሽ፣ «አንተ እኮ ለሞትም ቀጠሮ አስለውጠህ ነው የምትሄደው» እያለች ትስቅበታለች።

እሱ ያነሣል፣ እሷ ኮምፒውተር ላይ ታስተካክላለች። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ከገላነሽ እጅ በወጣ ፎቶ ላይ ብጉር ያለባት ሙሽራ፣ የተጣመመ ከረባት፣ ያላበው ሚዜ አይገኝም፤ አንዳንዱንማ የገዛ እናቱ እስክትጠራጠር ድረስ ታሳምረዋለች። አዲስ መብራት ሲገባ የሚሞከረውም በእሷ ፊት ነው፤ መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ትቀመጥና ያነሣታል። ሜሞሪውን ግን እሱ አይከፍትም። ጥሬ ፎቶ ማየት አይወድም፤ እሷ ስትጨርስ ነው የሚያየው። ጣጣውን ያመጣው ይኸው ልማድ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ሠርግ በተደራረበበት ሰሞን ጀይላን መጣ። ጀይላን ጊደር መጋላ ገበያ አጠገብ የሚኖር ፎቶ አንሺ ወዳጁ ነው፤ ሥራውን ትቶ ወደ ንግድ ሊገባ ስለሆነ ሌንሱን ሊሸጥለት ፈልጓል። የኤልሳዕ ሌንስ የሩቁን እያቀረበ ከሃያ አራት እስከ መቶ አምስት ሚሊሜትር ይሄዳል። የጀይላን ከሰባ ተነሥቶ ሁለት መቶ ይደርሳል። ከሰባ እስከ መቶ አምስት ያለው እንግዲህ በሁለቱም አለ ማለት ነው፤ ኤልሳዕም እዚያ ላይ ተገተረ።

«ባለኝ ላይ ለምን ልደርብ?» አለ።

«አቦ፣ ኤልሳዕ! ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ሲባል አልሰማህም? ወላሂ፣ የሰው ፊት የሚያምረው እዚያ መሀል ላይ ነው። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ አንተ ሌንስ ልትፈታና ልትገጥም ነው? ሦስት ቀን ያዘው። ኢንሻአላህ ትወደዋለህ።»

«ባላ ሻጭ ሲተርት አይታመንም» አለችና ገላነሽ ሳቀች። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ያመጣችው አመል ነው፤ ኤልሳዕ ጭምትነት መስሎት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በርጩማው ላይ እንድትቀመጥ ጠራት።

«ዛሬ እኔን ተወኝ። ግድግዳውን አንሣ፤ ግድግዳ አይሰለችም።»

«ግድግዳ ፊት የለው! ነይ ባክሽ።»

የጀይላንን ሌንስ ሰማንያ አምስት ላይ አድርጎ አነሣት። እሷ እንደ ወትሮው ሜሞሪውን ቶሎ ተቀበለችው። እሱ ግን የዚያን ቀን የሌንሱን ጥራት ራሱ ማየት ፈልጎ ከኋላዋ ቆመ። ፎቶው ተከፈተ። የገላነሽ የግራ ዐይን ቆብ ወደ ታች ወርዷል፤ የከንፈሯም የግራ ጥግ እንደ ቀለጠ ሻማ ተንጠልጥሏል።

እሱ አፉን ሳይከፍት እሷ ቀደመችው። «ሌንሱ ነው። ፊት ያጣምማል። መልስለት።»

ኤልሳዕ በጀይላን ተናደደ። ንዴቱ ግን ከልብ አልነበረም፤ የያዘው ፍርሃት ነው፣ የፍርሃቱንም ስም ሊጠራ አልደፈረም። ሌንሱን ከነካሜራው እንደ ጨበጠ ወጣ። የመብራት ምሰሶ አነሣ፤ ምሰሶው ቀጥ ብሎ ወጣ። የመስኮት ብረት አነሣ፤ ብረቱም ቀጥ ያለ ነው። ጊደር መጋላ ድረስ ወረደና በርበሬ የምትሸጥ አንዲት ሴት አስፈቅዶ ፊቷን አነሣ። በካሜራው ትንሽ መስኮት ላይ ሴትዮዋ በሁለቱም ዐይኗ እኩል ታየዋለች። ጥርሷን ገልጣ ስትስቅ ከንፈሯ ከግራም ከቀኝም እኩል ተነሥቷል። እንደዚያን ዕለት በሰው ፊት ማማር አዝኖ አያውቅም።

ዳኛ በአንድ ምስክር አይፈርድም ብሎ ራሱን አጽናና። ለካ መደራረቡ ለዚህ ይጠቅም ኖሯል፤ ሰማንያ አምስት በአሮጌውም ሌንስ አለች። በዚያው በርጩማ፣ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ልክ ቢያነሣት፣ ያኛው ፊቷን ቀጥ አድርጎ ካወጣው ጥፋቱ የጀይላን ሌንስ ነው። ያም ካጣመመውስ? እዚህ ሲደርስ ሐሳቡን አቋረጠ። ባጃጅ እየለመነው አልፎት ሲሄድ በእግሩ ዳገቱን ወጣ፤ ቤት ቶሎ መድረስ አልፈለገም።

ሲገባ አሮጌውን ሌንስ ገጠመ። «ቁጭ በይ» አላት።

ገላነሽ ካሜራውን አየች። የትኛው ሌንስ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። ሳትከራከር ሄዳ ተቀመጠች፤ አለመከራከሯ የበለጠ አስፈራው።

አነሣት። ሜሞሪውን አልሰጣትም፤ እዚያው ቆሞ አየው። ያው ዐይን፣ ያው ከንፈር። ሻይ ስትጠጣ ከከንፈሯ ጥግ ጠብ የሚለው፣ በግራ በኩል ማኘክ የተወችው፣ እያየ ሳያየው ያለፈው ሁሉ ባንዴ መጣበት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጥምቀት ወዲህ። መጀመሪያ ዐይኔ ብቻ ነበር። መብራት ስትሞክርብኝ ፎቶውን ሳታየው አስተካክለው ነበር።»

«ሦስት ወር ሙሉ? ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ እየበላሁ እንዴት አላየሁም?»

«አንተ እኔን የምታየኝ በፎቶ ነዋ።» ቁጣ የለባትም፤ የደከማት ትመስላለች። «ሐኪም ጋ ብሄድ ስም ያወጣለታል ብዬ ፈራሁ። ስም ከወጣለት በኋላ በምን አጠፋዋለሁ?»

ኤልሳዕ ስልኩን አውጥቶ ለጀይላን ደወለ።

«አቦ፣ በአንድ ቀን ወሰንክ?» ጀይላን ሳቀ። «ሱብሃነላህ! ምን ታይቶህ ነው?»

«ሌንስህ ደህና ነው፣ ጀይላን። የታመመችው ሚስቴ ናት። መኪናህን ይዘህ አሁኑኑ ናልኝ።»