ሐጂ እንድሪስ ዋጋ ያላወጡለት ሜዳሊያ

ባለፈው ሰሞን ጎንደር አንድ ወርቅ ቤት ገብቼ ሳለሁ አንጥረኛው አሮጌ ጠገራ ብር ድንጋይ ላይ ጣል አደረገ። ያ ቀጭን ድምፅ ወደ ልጅነቴ፣ ወረታ፣ ሐጂ እንድሪስ ሱቅ ድረስ መለሰኝ።

ሱቃቸው ላምባ፣ አብሽና አዲስ አቡጀዲ ይሸት ነበር። ጨውና ክር ይሽጡ እንጂ ሐጂ የሚታወቁት የንጉሥ ወይም የንግሥት መልክ ያለበትን ብር ሁሉ በመገመት ነው። የሜዳው ገበሬ ጠገራውን፣ የከተማ ሴት የጃንሆይ ምስል ያለበትን የብር ሃምሳ ሳንቲም ይዘው ይመጣሉ። ሐጂ ያስጮሁታል፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ፤ ለአንገት ጌጥ ተበስቶ ከሆነ፣ "ይኼ ተጎድቷል፣ ዋጋው ዝቅ ይላል" ይላሉ። አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። ቅር ያለውም ሰው ቢሆን ያምናቸዋል።

አንድ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ሁለቱንም በሬዎቻችንን ወሰደ። አባቴ ሊያወጣቸው ውሃው ውስጥ ሲታገል ውሎ በዚያው አልጋ ያዘ። ውሃው ሲሸሽ፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ ሽምብራና ጓያ መዝራት ነበረብን፤ ግን በምን እንረስ? አባቴ አልተጨነቀም። "ሜዳሊያዬ አለ አይደል?" ይል ነበር። በአርበኝነቱ ጊዜ አለቃው የሸለመው፣ የንጉሡ ምስል ያለበት ቢጫ ሜዳሊያ ነበረው። ወርቅ ነው ይል ነበር፤ እኛም አምነን ነበር።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወሰደችው፤ እኔም ተከተልኋት። ሐጂ አስጮሁት፤ ድምፁ የታፈነ ነበር። ጠርዙን በሞረድ ነካ ሲያደርጉት ከቢጫው ሥር ቀይ መዳብ ብቅ አለ።

"እታገኝ፣ ወርቅ የተቀባ መዳብ ነው" አሏት፣ ቀና ሳይሉ።

"እስቲ ደግመው ይዩልኝ፣ ሐጂ።"

ደግመው አዩት። "ሌላ አገር የንጉሥ ምስል የሚሰበስብ ሰው አለ ይባላል። እዚህ ግን ለዚህ ጥጃ እንኳ የሚሰጥሽ የለም።"

እናቴ የሱቁን መቃን ተደገፈች። "እኔ እንዴት ብዬ ልንገረው? ይኼን ከሰማ ይሞትብኛል። እባክዎ፣ እርስዎ ይንገሩት።"

በማግስቱ ሐጂ ጭቃውን አቋርጠው መጡና አልጋው ጫፍ ተቀመጡ። አባቴ በትኩሳት የቀላ ዓይኑን ተከለባቸው።

"ስንት በሬ ያወጣል?"

ሐጂ ሜዳሊያውን ከእናቴ ተቀብለው እጁ ላይ አኖሩለት። "አያ ባዬ፣ እኔ ለዚህ ዋጋ ማውጣት አልችልም።"

የአባቴ ፊት በራ። "አላልኋችሁም? እንግዲያ አይሸጥም!" ብሎ ሜዳሊያውን ትራሱ ሥር ከተተው። ሐጂ ሊያርሙት አፋቸውን ከፈቱ፤ እናቴ እንዳይናገሩ ራሷን ነቀነቀችባቸው። አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

መሬታችንን ባለ በሬ ጎረቤት የእኩል አረሰው። የደረሰን እህል ስላልበቃን ታላቅ እህቴ አንበሳሜ ከተማ ሰው ቤት ልትሠራ ሄደች። አባቴ ጥምቀትን ሳያይ አረፈ።

ሐጂ ለቅሶ ሲመጡ እናቴ አጠገብ ቁጭ ብለው፣ "ዋሸሁት፣ እታገኝ" አሏት።

"ደስ ብሎት ነው የሞተ" አለቻቸው።

እውነትም ሐጂ ቤታችን ከመጡበት ቀን ወዲህ አባቴ ስለ በሬዎቹ አንስቶ አያውቅም፤ ሐጂ ይህን ዕረፍት ተዉለት። ለእኛ ግን እህቴ አልተመለሰችልንም። እናቴም በየገበያው ቀን መንገድ ዳር ቆማ፣ ከአንበሳሜ የመጣውን ሰው ሁሉ ስለ እሷ ትጠይቅ ነበር።