ሴራሚኩን የማያውቀው ሶፍትዌር

ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየሞቹ አጠገብ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ አለኝ፤ ኪችን ካቢኔት እንሠራለን። እንሠራለን ስል፣ የሚሠሩት ጋሼ ነበሩ፤ እኔ ቁልፍ ይዤ አዛለሁ። አባቴ የቀጠሯቸው ዋና አናጢ ናቸው። ልኬት የሚወስዱት በአንድ ቀጭን ጣውላ ነው፤ ግድግዳው ላይ አጋድመው በእርሳስ ጫር ጫር ያደርጉና ተሸክመውት ይመጣሉ። ዲዛይኑ ይኸው ነው።

አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ጣውላውን አይታ ሳቀች። "የኮምፒውተር ስሪዲ ዲዛይን የላችሁም እንዴ?" ብላ ወጣች። አንገበገበችኝ። እኔ የማንም መሳቂያ!

ሶፍትዌር ፍለጋ ወጣሁ። ኤርፖርት ካርጎ የሚሠራው የእህቴ ባል፣ በሕይወቱ ምስማር መትቶ የማያውቅ ሰው፣ "ጀርመኖቹ የሚጠቀሙበትን ግዛ" አለኝ። ሩዋንዳ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ፣ ሽቶው ቀድሞት የደረሰ ሻጭ ሦስት ዓይነት አሳየኝ። አንደኛው የቦርድ አቆራረጥ ያወጣል፤ ቁጥር ብቻ። ሁለተኛው ማጠፊያ ሳይቀር ይቆጥራል፤ እሱም ደረቅ ነው። ሦስተኛው ግን! ካቢኔቱ ላይ አበባ ያስቀምጣል፣ በመስኮቱ ባሕር ይታያል። ሰሚት ላይ ባሕር! በግ ስገዛ እንኳ ወገቡን ዳብሼ ነው፤ ይሄን ግን እንዳየሁት ገዛሁት።

ለጋሼ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

"ሴራሚኩን ያውቃል?" አሉ።

"የምን ሴራሚክ?"

"ሰዉ ሲለካለት ግድግዳው ላይ ሴራሚክ አላስገባም ይላል። ጎረቤቱ ሲያስገባ ያስገባል። እኔ ሁልጊዜ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ጣት እቀንሳለሁ። ካላስገባ ክፍተቱን በክፈፍ እደፍናለሁ።"

ሠራተኛው ሁሉ ፊት ከት ብዬ ሳቅሁባቸው። "ጋሼ፣ የጣውላ ዘመን አልፏል። ከዛሬ ጀምሮ የምለካው እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው እኔ ምን ልሠራ እመጣለሁ፣ ልጄ?" አሉና መሮአቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጣውላቸውን ይዘው ወጡ። ይመለሳሉ ብዬ አልደወልኩም። አባቴ ቢኖር በጥፊ ያጮለኝ ነበር።

ያቺ የሳቀችብን ደንበኛ፣ ባሕሩን ብልክላት ተመለሰች። ቤቷን በሌዘር ለካሁ፤ ግድግዳው ገና ልስን ብቻ ነው። "ሴራሚክ አልወድም" አለች፤ አመንኳት። ካቢኔቱን ጭነን ስንሄድ ግድግዳው ግራና ቀኙ ሳይቀር በሴራሚክ ያብለጨልጫል።

"ጎረቤቴ ስታስገባ አማረኝ" አለች።

ገፋነው፣ አጋደምነው፣ ወይ ፍንክች! ካቢኔቱ በአራት ጣት በለጠ። ሴትዮዋ እጇን አጣጥፋ ታየኛለች።

ለጋሼ ደወልኩ። መጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልሰደቡኝም። በጣውላቸው ለኩ፣ ጫር ጫር አደረጉ። "የመሃሉን ሳጥን ፈትተን እናሳጥር፤ ሌላው ይተርፋል።" ሁለት ቀን ሠሩ። ልክክ ብሎ ገባ።

"ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ። ነገ ይመለሱልኝ" አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ እንባዬ ሊመጣ ነበር።

"ከመንገዱ ማዶ ያለው ወርክሾፕ ገብቻለሁ፣ ልጄ። ቃል ሰጥቻለሁ" ብለው ጣውላቸውን ይዘው ሄዱ።

ደንበኛዋ መሳቢያዎቹን እየከፈተች እየዘጋች ቆየች። "የእኚህን አባት ስልክ ስጠኝ እስቲ" አለች፤ "እናቴም ኪችን ልታሠራ ነው።"

ስልኬን አውጥቼ ቁጥራቸውን አነበብኩላት። የተመዘገቡት "ጋሼ የኛ" ተብለው ነው።