ሁለት በሦስት ስታዲየም

ጋሼን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ስታዲየም» እያለ ነው የሚጠራው። ጥበቃው ሳይቀር ሲያየው «ስታዲየም ገባ» ይላል። ስሙ የወጣለት ስታዲየም ስለሚያዘወትር እንዳይመስላችሁ። በሃያ ሦስት ዓመት የሬዲዮ ሥራው የዓለምን ታላላቅ ሩጫዎች አስተላልፏል፤ ሁሉንም ያስተላለፈው ግን ከእኛው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ ካለችው ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር ክፍል ነው። ግድግዳዋ ድምፅ እንዳያስተጋባ አሮጌ ምንጣፍ ተለጥፎበታል። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ሁለት ማይክራፎንና መሐሉ ላይ መስመር የወጣበት አንድ ቴሌቪዥን አሏት። ከመስታወቱ ወዲህ እኔ አለሁ። የድምፅ ቴክኒሻን ነኝ፤ ሕዝቡም እኔው ነኝ። ትንሽ ጭብጨባ፣ ትልቅ ጭብጨባና ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት የሚሉ ሦስት ቅጂዎች አሉኝ። ጋሼ በግራ እጁ ምልክት ሲሰጠኝ አርባ ሺህ ሰው አስነሳለሁ፣ በቀኝ እጁ ሲሰጠኝ አስቀምጣለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ቀን ውሸት ነው። ጣቢያው ጋሼን ውጭ አገር ሊልከው ቃል ገብቶ ነበር፤ ቲኬቱ ሳይመጣ የሩጫው ቀን ደረሰ። የዚያን ጊዜው ኃላፊ «ለዛሬ ብቻ ከስታዲየም በል» አለው። ጋሼም አለ፤ አድማጭ ወደደው። በሚቀጥለው ዓመት «ባለፈው ከስታዲየም ነበርኩ፣ ዘንድሮ ከመጸዳጃ ቤት ጎን ነኝ» ማለት እንዴት ይቻላል? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የጋሼ ውሸት ግን እያደር ከበደ።

ምክንያቱም ጎረቤት አለ። ቀን ባሕር ማዶ ስታዲየም ውስጥ የነበረ ሰው ማታ ሰፈሩ ዳቦ ሲገዛ ሲታይ ያጠያይቃል። ስለዚህ ጋሼ «መጓዝ» ጀመረ። ሻንጣውን ይሸክፋል፣ ባለቤቱን ይስማል፣ ጎረቤቶቹ ታክሲ ድረስ ይሸኙታል። ታክሲው ሁለት መታጠፊያ ዞሮ እኛ በር ላይ ያወርደዋል። ከዚያ ሦስት ሌሊት ጣቢያው ውስጥ ሶፋ ላይ ያድራል። ስልኩን «እዚያ አይሠራም» ብሎ ያጠፋዋል። ዳቦና ሙዝ የማመላልስለት እኔ ነኝ። ሊመለስ ሲል ከሥር ካለው ሱቅ ከረሜላ ገዝቶ ለሰፈር ልጆች ያድላል፤ ጎረቤቶቹም ቀምሰው የውጭ ስኳር ለየት ይላል ይላሉ። ያው ሱቅ ውስጥ በየቀኑ የሚገዙት ከረሜላ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል የሰማሁት በተረት ነበር፤ እዚህ ግን ለቀማው የወር ደመወዝ ይከፈልበታል።

ይሄ ሁሉ ያስቃል። የማያስቀው አንድ ነገር ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጋሼ ለማራቶን «በሄደበት» አርብ፣ ባለቤቱ ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ያዛት። ጎረቤቷ ወደ ጣቢያው ደውላ ባለበት አገር መልእክት እንድናደርስለት ለመነችን። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። አንድ ፎቅ ወጥቼ ነገርኩት። ቤቱ ከጣቢያው በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ሐኪም ቤቱ ደግሞ ከዚያም ይቀርባል። ጋሼ ልጁን ያያት እሑድ ነው፤ የሚመለሰው እሑድ ነበርና። ከዚያ ወዲህ የሚፈራው ኃላፊ የለም፣ ጋዜጣም የለም። የሚፈራው ባለቤቱ አንድ ቀን ትሰማለች ብሎ ብቻ ነው። ሲከፋው «ካወቀች ቤቴ የለም» ይለኝ ነበር፤ እኔም ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝና አብሬው እፈራ ነበር።

እንዲህ እያለን አዲስ ኃላፊ መጣ፤ አንዲት የሩጫ ሻምፒዮንም ይዞ መጣ። ሰባት ሜዳሊያ አላት፤ ሩጫ ካቆመች ዓመት አልሞላትም። ዋና ተንታኝ አደረጋት፤ ጋሼ ደግሞ «ረዳቷና አሠልጣኟ» ሆነ። እውነቱን ልናገር፣ ደሜ ፈላ። ማይክራፎን የምታውቀው ሩጫ ስትጨርስ አፏ ሥር ሲደግኑባት ነው፤ ያን ጊዜም በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የተናገረችው «ደስ ብሎኛል» ብቻ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ጉሮሮው እስኪነቃ የጮኸ ሰው ወንበሩን ለሁለት ቃል ያስረክባል። ኃላፊውን ብጠይቀው ልምድ በሥራ ይመጣል፣ ሜዳሊያ ግን በሥራ አይመጣም አለኝ። እንዴት አይመጣም ልለው አስቤ፣ የማን ጠበቃ ነሽ እንዳይለኝ ተውኩት።

ሴትዮዋ ግን ለመጥላት አትመችም። ጠዋት ከሁላችን ቀድማ ትመጣለች፣ ደረጃውን በሩጫ ትወጣለች፣ የምንነግራትን ሁሉ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ጋሼም ሆዱ እያረረ በደንብ አሠለጠናት። ወረቀት እንዳታንኮሻኩሽ፣ ከማይክራፎኑ አንድ ስንዝር እንድትርቅ፣ ሳል ሲመጣባት ፊቷን እንድታዞር ነገራት። መጨረሻ ላይ ጣቱን አንስቶ ዋናውን ሕግ ሰጣት።

«ሬዲዮ ማለት ያየሽውን መናገር ነው። ያየሽውን ተናገሪ፣ ያላየሽውን አትናገሪ።»

እሷም ጻፈችው፤ ከሥሩም አሰመረችበት። ስታዲየም ውስጥ እንዳለን አድርገን እንደምናስተላልፍ ግን ማንም አልነገራትም። ደብቀናት አይደለም። ለእኛ ነገሩ ከመለመዱ የተነሳ፣ በር የሚከፈተው በእጀታው ነው ብሎ ለሰው እንደማስረዳት ነበር። እሷ ጋሼ ያስተላለፈውን ሰምታ ታውቃለች፤ እዚህ ክፍል ስታገኘው ግን ዘንድሮ ሳይላክ ቀርቶ ነው ብላ አሰበች።

የመጀመሪያ ሥራዋ የሴቶች አሥር ሺህ ሜትር ሆነ፤ ባሕር ማዶ፣ በእኛ ሰዓት ከቀትር በኋላ። ጋሼ ከዋዜማው ጀምሮ ተሸኝቶ መጥቷል፤ ሻንጣው ጠረጴዛው ሥር ነው። ሩጫው ሊጀመር ሲል ጉሮሮውን ጠረገና በዚያ በሚታወቅ ድምፁ ጀመረ።

«ውድ አድማጮቻችን፣ ከታላቁ ስታዲየም ነው የምናነጋግራችሁ። ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ አለ፤ ሕዝቡ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል።»

ትልቁን ጭብጨባ ለቀቅኩለት። ሻምፒዮኗ ዞራ ከኋላዋ አየች። ከኋላዋ ምንጣፍ ነው ያለው። ጋሼ እንግዲህ አጠገቤ ያለችው ሻምፒዮኗ ናት ብሎ የስታዲየሙን ድባብ እንዴት እንዳየችው ጠየቃት።

«ይሞቃል» አለች። «ማራገቢያው ይጮሃል ብለው አጥፍተውብናል።»

ጋሼ ከአፏ ነጥቆ፣ በርግጥም ስታዲየሙ በጣም ሞቋል አለ፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ካስነፈሰ አንድ ደቂቃ አልሞላውም። ቀጥላ ቴሌቪዥኑ ላይ በወጣው መስመር ምክንያት የሦስተኛዋን ቁጥር ማንበብ እንዳልቻለች ተናገረች። ጋሼ ፀሐይዋ ዓይን ትወጋለች አለ። በአራተኛው ዙር ላይ ጎረቤታችን መጸዳጃ ቤት ውኃ ለቀቀ። ሻምፒዮኗ ያየችውን ብቻ ሳይሆን የሰማችውንም መናገር እንዳለባት አምና አፏን ስትከፍት፣ እኔ ጆሮ የሚያደነቁረውን ጩኸት እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። በአራተኛ ዙር፣ ሁሉም ተያይዘው ሶምሶማ በሚሮጡበት፣ እንደዚያ የተጮኸበት ሩጫ ከዚያ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ጋሼ ላቡን እየጠረገ ሕዝቡ ምን እንዳየ አላውቅም አለ።

ጩኸቱ ሲያበቃ ሴትዮዋ ደብተሯን አየች፣ ጋሼን አየች፣ እኔን አየች። ክፋት የለባትም፤ የገባት ነገር ስላልነበረ ጠየቀች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስታዲየም ውስጥ ነን ነው ያሉት?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በቀጥታ ስርጭት ደግሞ አፋፉ አገር ያህላል። እጄን ወደ ጩኸቱ ላክሁ። ጋሼ በመስታወቱ ውስጥ አየኝና ግራውንም ቀኙንም እጁን አነሳ። እንዲህ ያለ ምልክት ሰጥቶኝ አያውቅም። ተዪው ማለቱ ነበር።

«አይደለንም» አለ። «ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አልነበርንም።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሼ ግን አንዴ ከጀመረ አላቆመም፤ ክፍሏን፣ ምንጣፉን፣ ሻንጣውን፣ ሦስቱን ቅጂዎች፣ እኔን ጭምር ለአድማጭ ተናገረ። ሶፋውንም ተናገረ። ሃያ ሦስት ዓመት ያየውን ያልተናገረ ሰው፣ በአንድ ቀን ሕጉን ፈጸመው። ድምፁ ሲቆም ሻምፒዮኗ ወደ ማይክራፎኑ ተጠጋች።

«እኔ የመጀመሪያውን ሳሸንፍ፣ ‘አምስት ሜትር ላይ ሆኜ እንባዋን አያለሁ’ ብለው ነበር። አላለቀስኩም፤ ላብ ነው ዓይኔ ውስጥ የገባው። አባቴ ግን ሰምቶ ኖሮ፣ ያ የሬዲዮው ሰውዬ አጠገብሽ ነበር፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሰላም በይልኝ አለኝ። ከዚያ በኋላ ባሸነፍኩ ቁጥር ባንዲራ ይዤ የምዞረው እርስዎን ፍለጋ ነበር። ሕዝቡ ሰላም የምለው እሱን ይመስለው ነበር።»

«አላገኘሽኝማ» አለ ጋሼ።

«አላገኘሁም። አባቴ እስኪሞት ድረስ ‘አገኘሽው ወይ?’ ይለኝ ነበር። ‘አዎ፣ ሰላም ብሎሃል’ እለው ነበር። እንግዲህ የዋሸነው ሁለታችን ነን።»

አለቀስኩ፤ ይሄኛው ላብ አይደለም። ከዚያ የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ፤ ሁላችንም ሩጫ እንዳለ ትዝ አለን። ሃያ አራት ዙር ሙሉ ማን እየመራ እንደሆነ ለአድማጭ አልተነገረም። ሻምፒዮኗ ወንበሩን ገልብጣ ብድግ አለች። የመሪዋን ትከሻ እዩት፣ ጆሮዋ ጋ ደርሷል፣ አልቆላታል፤ ሁለተኛዋ ግን ገና አልጀመረችም አለች። እንዳለችውም ሆነ፤ ሁለተኛዋ መቶ ሜትር ሲቀር ጥላት ሄደች። እጄ ቅጂው ላይ እንዳለ ረስቼው ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ቴሌቪዥኑን ከጋሼ ጋር ሳይ፣ የሰው ትከሻ አይቼ አላውቅም። ስለ ጋሼ ወንበር ያለኝ ቅሬታ ዛሬም አለ፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማማርረው።

ኃላፊው ሁለቱንም ሊያባርር ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። ስልኩ ግን አላስቆም አላስቀምጥ አለው። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ እነዚያ ሁለት ሰዎች ሌላ ጊዜም እንዲያስተላልፉ ይጠይቃል፤ አንድ አዛውንት ደግሞ ማራገቢያውን ክፈቱላቸው ብለው ተቆጡ። ሊጮህ የመጣው ሰው ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮው ይዞ አመሰግናለሁ ሲል አመሸ።

ጋሼ ይሄን ሁሉ አልሰማም። ከወንበሩ አልነሳም አለ። እሱ በሚያስተላልፍበት ሰዓት ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ ተዘግቶ አያውቅም፤ ባለቤቱ ቃል በቃል ሰምታለች። ሻንጣውን ከጠረጴዛው ሥር ያወጣችው ሻምፒዮኗ ነች።

«እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ» አለችው። «ምስጢሩን ያወጣሁብዎት እኔ ነኝ።»

ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝና እኔም ተከተልኩ። ጋሼ እግሩን እንደ ሕመምተኛ ይጎትታል። ሻምፒዮኗ በዕድሜዋ እንደዚያ ቀስ ብላ ሄዳ አታውቅም መሰለኝ፤ ሁለት እርምጃ ትቀድመዋለች፣ ቆማ ትጠብቀዋለች። መንገድ ላይ ያየን ሁሉ ይጠቋቆማል፤ ለእሷ ይሁን ለእሱ አልለየም። ሰዓቴን አየሁ፤ ያን ያህል ተጎትተንም አሥራ አራት ደቂቃ ነው የፈጀብን። እሱም ሰዓቱን ሲያይ አየሁት።

ባለቤቱ እትዬ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ሻምፒዮኗን እጅ ነሳቻት፣ እኔን በጉንጬ ሳመችኝ። ልጅቷ ከኋላዋ ሆና አባቷን ታያለች። ከዚያ እትዬ ወደ እሱ ዞረች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«ልጅህ የተወለደች ቀን የት ነበርክ?»

«ሦስተኛ ፎቅ» አለ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። እትዬ አልሳቀችም፤ መልእክቱ ደርሶህ ነበር ወይ አለችው። ጋሼ እኔን አላየኝም፤ ደርሶኛል አለ።

«ልመጣ ተነስቼ ነበር። ጫማዬን አስሬ ታች በር ድረስ ወርጃለሁ። በምን መጣህ ብትይኝ ምን እመልስልሻለሁ ብዬ ነው የተመለስኩት።»

 የእትዬ ዓይን እንባ ሞላ፤ ግን አልፈሰሰም።

«በእግሬ፣ አትለኝም ነበር?»

 እትዬ እኔንና ሻምፒዮኗን ግቡ አለችን። እሱን ግባም ውጣም አላለችውም፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። ትንሽ ቆይቶ ገባና ከሁላችንም ራቅ ብሎ ተቀመጠ።