እመን፣ ይቀልልሃል

ለቡ መብራት ኃይል የታክሲ ሰልፍ ላይ ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ ሰልፍ የጣሰ ወጣት በጥፊ ሲያጮሉ ልገላግል ገባሁ። ፖሊስ መቺና ገላጋይ አልለየም፤ ሁለታችንም በድብደባ ተከሰስን።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጋሽ ደምሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ስማ ልጄ፣ ጠበቃ የለንም። ዝም ብለን እንመን፤ ይቀልልናል።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አልመታሁም!»

«እሱን ስታስረዳ ዓመት ይሞላሃል። እመንና ቤትህ ግባ።»

ዳኛዋ መጀመሪያ እኔን ጠየቁኝ። «መትቻለሁ» አልኩ። «እንዴት መታኸው?» ሲሉኝ ጨነቀኝ፤ የጋሽ ደምሴን ጥፊ የራሴ አድርጌ፣ እጄን እያወናጨፍኩ ተረኩላቸው።

«ስላመንክ ቅጣቱ ተቀንሶልሃል። ሦስት ወር ቀላል እስራት» አሉ። «ቀላል» የምትለዋን ብቻ ሰምቼ እጅ ነሳሁ። ነገሩ የገባኝ ፖሊሱ ክንዴን ሲይዘኝ ነው።

ቀጥሎ ጋሽ ደምሴ ተጠየቁ። ደረታቸውን ነፍተው «እኔ ገላጋይ ነበርኩ!» አሉ።

ያኔ ከኋላቸው አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ብድግ አለ። ለካስ ጠበቃቸው ነው።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣» አለ ወደ እኔ እያመለከተ፣ «መቺው እኮ አምኗል።»