ቀሪዋ መስመር

ከፒያሳ በባጃጅ ስመለስ፣ ሬድዮው ስለ አንድ የድሮ አሜሪካዊ ቀልደኛ ገጣሚ ያወራ ነበር፤ ድሃ አደግ ሆኖ በጋዜጣ በሚያወጣቸው ግጥሞች አገሩን ሲያስቅ ኖሮ፣ ከሞተ መቶ ዓመት አልፎትም ግጥሞቹ በመጽሐፍ ተሰብስበው ዛሬም ይነበባሉ አለ። ነጂው ሳቀ። እኔ ግን የሰፈራችን መሪጌታ ጥሩነህ ትዝ አሉኝ።

መሪጌታ የቅኔ መምህር ቢሆኑም እኛ ልጆች የምናውቃቸው በቀልዳቸው ነበር። ክረምት ላይ፣ ዝናብ የጠገበ በርኖሳቸው በግ በግ እየሸተተ፣ ማኅበር ካለበት ቤት ገብተው ጥግ ይይዙና፣ ሰው ሁሉ ጆሮውን ሲያቆም ሁለት መስመር ጣል ያደርጋሉ። አንድ ቀን ጠላዋ የቀጠነባትን ጎረቤታችንን፣

«ጠላሽን ቀምሼ ወደ ወንዝ ወረድሁ»

ብለው ጀምረው ሁለተኛዋን ሲያክሉባት፣ ባለቤቲቱ ራሷ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከጃናሞራ የመጣ እንግዳ፣ «ምነው መሪጌታ፣ እንዲህ ያለ ሸጋ ነገር አንዴ ብቻ? ይድገሙትማ!» ቢላቸው፣

«ትናንት የበላኸው ምሳ ዛሬ ያጠግብሃል?» አሉት።

አንዴ የተዘረፈ ቅኔ መድገም በቅኔ ቤት ነውር ነውና፣ ያንኑ ሕግ በቀልዳቸውም ላይ አጸኑት፤ አይጽፉም፣ አይደግሙም። ትምህርት ቤት ያልተላክሁት እኔ፣ ግጥሟ እንዳትጠፋኝ እያነበነብሁ ወደ ቤት እሮጥ ነበር፤ ደጃችን ስደርስ አፌ ላይ የሚቀረው ግን የመጀመሪያዋ መስመርና ሳቁ ብቻ ነው። በኋላ ፊደል በራሴ ለቅሜ መጻፍ ስችል፣ የሚጻፈው ነገር አልፎ ነበር።

አምና አረፉ። ሙት ዓመታቸው ሲቃረብ ባለቤታቸው እማማ ውባለም አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ ልቅሶስ ጠግቤያለሁ። ከሚያስቁት ግጥሞቹ አንዲት አምጪልኝ፤ በስሙ አንዴ ይሳቅለት።»

የጠላዋን ግጥም ሁለተኛ መስመር ፍለጋ፣ ያን ማኅበር የታደሙትን ስጠይቅ ከረምሁ። አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ወደ ሳንጃ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀርቷል፣ አንዷ ደግሞ ሳቁን ብቻ ታስታውሳለች።

የሙት ዓመቱ ቀን ከድንኳኑ መካከል ቆሜ ያቺኑ የጠላዋን መስመር አልሁ። ሰው ፈገግ ብሎ ቀሪዋን ይጠብቅ ጀመር። እማማ ውባለም ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው ለሳቅ ተሰናዱ። እኔም ቆሜ፣ እንደሌላው ሰው ቀሪዋን ጠበቅሁ።