የአባቴ ጣትና የማንጎው ወቅት

አባቴ ስኳር በሽታ እንዳለበት በተነገረው ቀን ቤት ውስጥ የነበረውን ስኳር በሙሉ ለጎረቤት አስረከበ። እሱ ካልቀመሰ ማንም አይቀምስም። ቡናውን በጨው፣ ሻዩን ባዶውን ጠጣን። እኔ የምሠራው ጋምቤላ ከተማ ስለሆነ ቅጣቱ የሚደርሰኝ ቅዳሜና እሁድ አቦቦ አጠገብ ወዳለው መንደራችን ስሄድ ብቻ ነበር፤ እናቴ ግን ሳምንቱን ሙሉ ቻለችው።

እንዲያም ሆኖ የእግሩ ቁስል አልድን አለ። ማሳ ውስጥ እሾህ የወጋው አውራ ጣቱ አብጦ መገለ። ከተማ ወስጄ ሳሳየው ሐኪሙ፣ «ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ አይዘጋም። ካልተዘጋ ደግሞ ጣቱን መቁረጥ ይኖርብናል» አለን። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጣቱን አየው። እኔ ግን ተናደድኩ። ኪኒኑን በሰዓቱ ይውጣል፣ ስኳር በአፉ አልዞረም፤ ታዲያ ከየት መጣ? መድኃኒቱን ጠረጠርኩ፣ መለኪያውን ጠረጠርኩ፣ እናቴን ሳይቀር ጠረጠርኩ።

ጊዜው የማንጎ ወቅት ነበር። ያኔ በእኛ ሰፈር ማንጎ ለቅሞ የሚጨርስ ሰው የለም፤ ከዛፉ እየወደቀ መንገዱን ይሞላዋል። አንድ እሁድ ማለዳ ወደ ጓሮ ብወጣ አባቴ የታመመ እግሩን ድንጋይ ላይ ሰቅሎ ማንጎ ይመጥጣል። ልጣጩና ዘሩ ከጎኑ ተከምሯል።

«አባ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ቁርሴን ነዋ።»

«ስኳርህስ?»

«ስኳር ፋብሪካ የሚሠራው ነው። ይኼን ያጣፈጠው አላህ ነው፤ እሱ ያጣፈጠው ሰው ይጎዳል እንዴ?»

እርር ድብን አልኩ፤ ጮህኩበትም። እሱ አልጮኸም። «አንቺዬ፣ እኛ ከወሎ እዚህ የመጣነው ረሃብ አባርሮን ነው። ታናሽ ወንድሜን መንገድ ላይ ቀብሬ ነው የመጣሁት። የአላህ ሲሳይ መሬት ላይ ሲበሰብስ እያየሁ ማለፍ አልችልም» አለኝ።

ቁጣዬ በረደ። በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ አኙዋክ ናት፤ አማርኛዋ አጭር ነው፣ ዙሪያ ጥምጥም አታውቅም።

«አባባ፣ ማንጎም፣ ገንፎም፣ ቂጣም ሆድ ሲገባ ስኳር ይሆናል። ማንጎ መጥፎ አይደለም፤ ብዙ ነው መጥፎ። ትንሽ ቁራጭ ብላ፣ ከምግብ ጋር። ገንፎ ቀንስ፤ ዓሣ ብላ፣ ጎመን ብላ። ኪኒን አታቁም።»

«የወደቀውስ?» አላት አባቴ።

«ለፍየል።»

አባቴ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው የወደቀውን እየለቀመ ለፍየሎቹ ይሰጥ ጀመር። የሚባክን ነገር ስለሌለ ልቡ አረፈ። ምሳ ሲቀርብለት ግን ማጉረምረሙን አልተወም፦ «እኔ ቅጠል፣ ፍየሎቹ ማንጎ! ዓለም ተገለበጠች እኮ።» እናቴ ዓሣውን በቲማቲምና በሽንኩርት እየሠራች አስለመደችው፤ ዱሮ ይሸተኛል ይል የነበረው ሰውዬ ኋላ አጥንቱን ሳይቀር ይግጥ ጀመር።

ሐኪሙ ዘንድ ስንመለስ ፋሻውን ሲፈታ ማየት አልቻልኩም፤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። «ዘግቷል። መቁረጥ አያስፈልግም» ሲል ሰማሁ። እፎይ! ደስታዬን የት ላድርሰው፣ የሐኪሙን እጅ ይዤ አልለቅም አልኩ። እሱም ኪኒኑና ጥንቃቄው እንደማይቀር አስጠንቅቆ ሸኘን።

ቤት ስንደርስ የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ደርሶ ነበር። ቁስሉ በፋሻ ታስሮ በነበረበት ጊዜ ከሶላት በፊት ለውዱእ ሲታጠብ በላዩ ላይ በእርጥብ እጁ ብቻ ነበር የሚያብሰው። ዛሬ ጫማውን አውልቆ እግሩን ዘረጋልኝ፤ እኔ በጆግ ውኃ አፈሰስኩለት። የእጁን ትንሽ ጣት በእግሩ ጣቶች መሐል እያስገባ ቀስ ብሎ አጠበ። አውራ ጣቱ ላይ ሲደርስ ደጋግሞ አሸው። እንባዬ መጣ።

«አብሽሪ፣ አታልቅሺ» አለኝ ቀና ሳይል። «ከቆረጡት የት እንደምቀብረው ሳስብ ነበር የማድረው።»