ያልታሰረው ደን

ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለችውን፣ እንጨት የሌላትን የጦር ብረት ስንት ጊዜ እንደጠየቃችሁኝ አውቃለሁ። ከጸሎት በኋላ እዚህ ቤት በገባችሁ ቁጥር አንዳችሁ «ጋሼ፣ ይቺ ምን ገድላ ነው?» ትላላችሁ፤ እኔም ወሬ እቀይራለሁ። ዛሬ እነግራችኋለሁ። ያየሁትን ያየሁት ብዬ፣ የሰማሁትንም ከማን እንደሰማሁት ጠቅሼ ነው። ለራሴ የሚያዳላ ነገር ስጨምር ከሰማችሁኝ አስቁሙኝ።

ወሩ ኅዳር ነበር። ሚዛን ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ገና አልተከፈተም፤ ወደ ሸኮ የሚወስደው መንገድም ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲያባራ አቧራ ነበር። እኛ መንደር ቡናው ቀልቶ ሰው ሁሉ ለቀማ ላይ ነው። ዝናቡ ጨርሶ አላቆመም። ጠዋት ጠዋት ደኑ ውስጥ ጉም ይተኛል፤ ቅጠሉ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ውሃ ያንጠባጥባል። ሰው ቡናው ላይ ሲጠመድ የዱር አሳማ ጎደሬውን ይቆፍራል። በዚያ ዓመት ከሁሉ የከፋው የአባ ፊጣ ማሳ ነበር። አባ ፊጣ ከጅማ በኩል መጥተው እኛ መንደር ቡና የተከሉ፣ የሰከኑ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። አሳማ አይነኩም፤ በማባረር ግን ከእርሳቸው የሚበልጥ አልነበረም።

ሁለተኛው ሰው ገብሬ ነው። ጎረቤቴ፣ የቤተ ክርስቲያን ወንድሜ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ያደንን ሰው። ገብሬ አንድ ልማድ ነበረው። ደስ ያለው ነገር ሁሉ «ጎሽ!» ያሰኘዋል። ውሻው ጅራቱን ቢቆላ «ጎሽ!»፣ ሚስቱ አስቴር ጎደሬ ቀቅላ ብታቀርብ «ጎሽ!»፣ ወንጌላዊው ጥሩ ቦታ ላይ ሲደርስ ሌላው «አሜን» ሲል እርሱ ከኋላ ወንበር «ጎሽ!» ይላል። ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ይስቃል። እኔም አደን ላይ ጦሩ ሲቀናው በራሱ ቃል እመልስለታለሁ፦ «ጎሽ፣ ገብሬ!» የሁለታችን ጨዋታ ነበር።

አሁን ስለ አንድ የአገራችን ደንብ ልንገራችሁ፤ እናንተ አልደረሳችሁበትም። ጎሽ አቁስሎ ያመለጠው ሰው ደኑን ማሰር አለበት። የኮባ ቅጠል ቀድዶ ወደ ደኑ በሚያስገባው መንገድ ሁሉ ላይ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘረጋና ይቋጥራል። ከዚያ ገበያ መሃል ቆሞ «ደኑን አስሬያለሁ» ይላል። ቡና ለቃሚም ይሁን ኮረሪማ ለቃሚ ወይም ማር ቆራጭ፣ ጎሹ ሞቶ እስኪገኝ ማንም አይገባም። የቆሰለ ጎሽ አይሸሽም። ትንሽ ይሄድና ዞሮ፣ በራሱ ኮቴ አጠገብ ቁጥቋጦ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ያቆሰለውን ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ደንቡ ባላስፈለገ ነበር።

ከአሳማው አደን ዘጠኝ ቀን በፊት ለብቻዬ ደን ገብቼ ነበር። ከወንዙ ማዶ እንስሳት ጨው የሚልሱበት ረግረግ አለ፤ እዚያ ድኩላ እጠብቃለሁ ብዬ ጎህ ሲቀድ ተቀመጥኩ። የመጣው ድኩላ ሳይሆን ብቸኛ ወንድ ጎሽ ነበር። ከእኔ እስከዚያ በር ድረስ ያለውን ያህል ራቅ ብሎ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። መተው ነበረብኝ። ጎሽ መግደል ክልክል መሆኑን የሚገልጸውን ማስታወቂያ በዚያው ወር ለምእመናን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኜ ከተመረጥኩ ሦስት ሳምንት አልሞላኝም። ግን እጄ ቀደመኝ። ጦሩ ከትከሻው ኋላ፣ ከሚገባው በላይ ወደ ሆዱ ገባ። ጎሹ ሲዞር እንጨቱ ዛፍ ላይ ተሰበረና ብረቱን ይዞ ሄደ።

ኮባ ቀደድኩ። ይህን አልክድም፤ ቅጠሉን ቀድጄ በእጄ ይዣለሁ። ከዚያ ገበያ ላይ ቆሜ ስናገር ታየኝ። «ሽማግሌው! ማስታወቂያ ያነበብክልን ሰውዬ!» የሚሉኝ ሰዎች ፊት ታየኝ። ቅጠሉን ወንዙ ውስጥ ጣልኩት። የተሰበረውን እንጨት ማድቤት ከትቼ አነደድኩት።

በአምስተኛው ቀን እሁድ ነበር። ጸሎት ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ። በልቤ ሁሉንም ለእግዚአብሔር ነገርኩት፤ ጦሩን፣ ቅጠሉን፣ ማስታወቂያውን፣ ምንም አላስቀረሁም። ገብሬ አጠገቤ ነበር። ምን እንደምል አይሰማም፤ ሳለቅስ ግን እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ «አሜን፣ አሜን» ይለኝ ነበር። ስነሳ ቀለለኝ። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ገበያ ሄጄ የመናገሩ ሐሳብ ጠፍቶልኝ ነበር። ያለቀ ነገር መሰለኝ።

ሐሙስ አባ ፊጣ መጡ። «ልጆቼ፣ ጎደሬዬን ጨረሱት። ነገ ካልወጣን ለእኔም የምበላው ጎደሬ አይተርፍም» አሉ።

አርብ ጠዋት ሰባት ሆነን ወጣን። አራቱ አባራሪዎች ጄሪካን የሚደበድቡ ናቸው። ገብሬና እኔ ጦር ይዘናል፤ አባ ፊጣ ገጀራቸውንና ሁለት ውሾቻቸውን። ገብሬ በአዲስ ቦቲ ጫማ እየተንሸራተተ ይስቃል።

«አባ ፊጣ፣ ትልቁን ከገደልኩት ለእርስዎ እናስጭን?»

«ለወንጌላዊህ አስጭንለት፤ እሱ ነው በየሳምንቱ አንተን የሚችል» አሉት።

«ጎሽ! አሸነፉኝ» አለ ገብሬ።

መንገዱ ሁለት ላይ ሲከፈል ቆምኩ። አንዱ በጋራው አናት ይሄዳል፤ ሁለተኛው ወደ ወንዙ፣ ወደዚያ ረግረግ ይወርዳል።

«በላይ በኩል እንሂድ» አልኩ።

አባ ፊጣ አዩኝ። «በላይ ምን አለ? አሳማው በዚህ ሰዓት ታች ጥቅጥቅ ባለው የፈርን ቅጠል ውስጥ ነው የሚተኛው። አንተ ነህ ይህን ያስተማርከኝ።»

«ታች ጭቃ ነው።»

ገብሬ ሳቀብኝ። «ሽማግሌ ከሆንክ ወዲህ ጭቃ መፍራት ጀመርክ? ሹመት እንዲህ ያደርጋል እንዴ!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዘጠኝ ቀን አልፎታል፣ ወይ ሞቷል ወይ ወንዙን ተሻግሯል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ወረድን።

ቁልቁለቱ ላይ እኔ ከፊት ነበርኩ። ከሸንበቆው አለፍ ብሎ ኮቴ አየሁ። ትልቅ፣ ጠርዙ ያልፈረሰ፣ ከትናንት የማይቀድም ኮቴ። የግራው የኋላ እግር ጭቃው ላይ እየተጎተተ ነው የሄደው። ከእኔ በስተቀር ያየው ሰው የለም። ልጆች፣ እኔ ያንን ኮቴ በእግሬ ረግጬ አጠፋሁት። ለምን እንዳደረግኩት ብዙ ዓመት ራሴን ጠይቄአለሁ። መልሱ አጭር ነው፤ ኮቴው ከታየ ደኑ ለምን እንዳልታሰረ ይጠየቃል።

አባ ፊጣና አባራሪዎቹ ከውሾቹ ጋር ዞረው ወደ ላይ ወጡ። ገብሬና እኔ የአሳማው መንገድ ወንዙ ዳር በሚወጣበት ቦታ ቆምን፤ በመካከላችን አርባ እርምጃ ያህል ነው። ከመለያየታችን በፊት ገብሬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሁድ ለት ያ ሁሉ ልቅሶ ምን ነበር? ለእኔ የማይነገር ነው?» አለኝ።

«ከጌታ ጋር ጨርሼዋለሁ» አልኩት።

ፊቱ በራ። «ጎሽ! ከጨረስክ ሌላ ምን ያስፈልጋል» ብሎኝ ወደ ቦታው ሄደ። እርሱን ለማዳን የተሰጠኝ የመጨረሻው ጊዜ ያ ነበር።

ጄሪካኑ ከላይ መደብደብ ጀመረ። ውሾቹ ጮኹ። ጉሙ ተነስቷል፤ ፀሐይ በቅጠሉ መካከል እየገባች ነበር። አሳማዎቹ ሦስት ሆነው መጡ፤ ሁለቱ በእኔ በኩል አመለጡ። ሦስተኛውን፣ ትልቁን፣ ገብሬ በጉልበቱ በርከክ ብሎ ደረቱ ላይ አገኘው። አሳማው ተገለበጠ። ገብሬ ጦሩን ለመንቀል ጎንበስ አለ።

በዚያች ቅጽበት ከጀርባው ያለው ፈርን ተነሳ። ነፋስ አልነበረም። መጀመሪያ ቀንዱን፣ ቀጥሎ ጭቃ የለበሰ ግንባሩን አየሁ። የበሰበሰ ቁስል ሽታ እስከ እኔ ድረስ መጣ።

ባለኝ አቅም ጮህኩ፦ «ጎሽ! ጎሽ፣ ገብሬ!»

ገብሬ ቀና አለ። ወደ ፈርኑ አልዞረም። ወደ እኔ ዞረ፤ ጥርሱ ሁሉ እየታየ ሳቀልኝና እጁን አነሳ። ቋንቋችን ለሁለቱም አንድ ቃል ነው የሰጠን። ደኑ ታስሮ ቢሆን ኖሮ ያንን ቃል ሲሰማ ምስጋና ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አይኖርም ነበር።

ጎሹ ከጀርባው አነሳው። አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ መሬት ላይ። እየሮጥኩ ደርሼ ጦሬን አንገቱ ላይ ሰካሁ። እርሱን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። ሥሩ እንደ ግድግዳ ከመሬት ወጥቶ የቆመ ትልቅ ዛፍ ነበር፤ ከዚያ ኋላ ወደቅሁ። ቀንዱ ሥሩን ሲመታ ዛፉ ደረቴ ላይ ሲነዝር ይሰማኛል። ትንፋሹ ፊቴ ላይ ነበር። ዓይኑን በቅርብ አየሁት፤ ቁጣ አላየሁበትም፤ ለብዙ ቀን የታመመ ፍጥረት ዓይን ነው። ውሾቹ ደርሰው ኋላ እግሩን ያዙት። ሊዞርባቸው ሲል ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ። አልተነሳም።

ገብሬ በሕይወት ነበር። በሁለት እንጨትና በጋቢ ቃሬዛ ሠርተን ሰዎቹ ወደ መንገዱ ተሸከሙት። አብሬ ልሄድ ስነሳ አባ ፊጣ ከኋላዬ ጠሩኝ። ጎሹ አጠገብ ተንበርክከዋል። እጃቸውን ከሆዱ አጠገብ ያለው ቁስል ውስጥ አስገብተው ብረቱን አወጡ። በቅጠል ጠረጉት። የብረቱ አንገት ላይ በሞረድ የቀረጽኩት ሦስት መስመር አለ፤ የእኔ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

«ለጌታ ነግሬው ነበር» አልኩ።

«ለፈጣሪ መንገርህ ደግ ነው» አሉ አባ ፊጣ። «እርሱን ግን ጎሽ አይወጋውም።» ብረቱን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡት። «ከእኔ አፍ አይወጣም። ካንተ አፍ ግን ይውጣ።»

ገብሬ መንገዱ ጋ ሳይደርስ ሞተ። እኔ አልነበርኩም፤ የተሸከሙት ሰዎች ናቸው የነገሩኝ። ምንም አልተናገረም አሉ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ገብቼ ብረቱን አስቴር ፊት አስቀመጥኩት። ከረግረጉ ጀምሬ ረግጬ እስካጠፋሁት ኮቴ፣ እስከ መጨረሻው ጩኸቴም ድረስ ነገርኳት። አልጮኸችም። ስጨርስ «ስትጮህለት ምን መሰለው?» አለች።

«ያመሰገንኩት መሰለው።»

«ሳቀ?»

«ሳቀ።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። «በቃ፣ ሂድ ጋሼ» አለችኝ።

በተከታዩ እሁድ ምእመናን ፊት ቆሜ «ደኑን አላሰርኩም» አልኩ። ሽምግልናውን መለስኩ። ለሕግም ሄጄ ተናገርኩ፤ የሚገባኝንም ተቀበልኩ።

እናንተ ስለ ንስሐ ስታስተምሩ እሰማችኋለሁ፤ ደስ ይለኛል። የእሁዱ ልቅሶዬ ውሸት ነበር አልላችሁም። እግዚአብሔር ሰምቶኛል ብዬ አምናለሁ። ግን ተንበርክኬ ያገኘሁትን ዕረፍት መደበቂያ አደረግሁት። የሰማይን ይቅርታ ይዤ ከጎረቤቴ ሸሸሁ። አጠገቤ «አሜን» ይለኝ የነበረው ሰው ነበር ነገሩን መስማት ያለበት። ያልነገርኩት ነገር ልክ እንደዚያ ጎሽ ዞሮ መንገዴ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ያገኘው ግን እኔን አልነበረም። ይቺን ብረት የሰቀልኳት ለጌጥ አይደለም። ለመጸለይ ስንበረከክ ፊት ለፊቴ እንድትሆን ነው፤ እርሷን አይቼ ተነስቼ ወደ ሰው ቤት የሄድኩባቸው ቀኖች አሉ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ኅዳር ሲመጣ የአስቴርን ቡና እለቅማለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ጠዋት እገባለሁ፣ ማታ ቅርጫቱን ደጃፏ ላይ አውርጄ እሄዳለሁ። ሦስት ዓመት አንድ ቃል ሳንነጋገር አለፈ። «ጎሽ» የሚለው ቃል ከእኔ አፍ ወጥቶ፣ ከእርሷም ተሰምቶ አያውቅም ነበር፤ የራሴን ልጆች እንኳ ሳመሰግን «ደግ አደረጋችሁ» ነበር የምለው።

በአራተኛው ዓመት የመጨረሻውን ቅርጫት ሳወርድ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቡናውን አየች፤ ጥሬ የለበትም፣ ሁሉም ቀይ ነው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ጎሽ» አለችና ገባች።

የትኛውን ማለቷ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።